የደላንታ ኦፓልን በመዳብ ሽቦ አቅፎ የአንገት ጌጥ በቤት መሥራት፦ ከድንጋይ መረጣ እስከ ክር ቋጠሮ

ኦፓል ገዝተው በቤታቸው የአንገት ጌጥ ለመሥራት ከሚሞክሩ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሥራው የሚበላሽባቸው እጃቸው ስላልሠለጠነ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ስለሚዛባባቸው ነው። ሽቦውን በቀጥታ በድንጋዩ ላይ እያጠፉ ድንጋዩን ይሰነጥቁታል፤ ጌጡ ካለቀ በኋላ የጠቆረውን መዳብ በሎሚ ያሻሉ፤ ወይም መዳቡ ቆዳቸውን አረንጓዴ እንዳያደርገው ብለው በላዩ ላይ የጥፍር ቀለም ይቀባሉ። በማግስቱ ድንጋዩ ቀለሙ ጠፍቶ፣ ደብዝዞ ወይም ቢጫ ሆኖ ያገኙትና ሻጩ ያታለላቸው ይመስላቸዋል።

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ከሚገኘው ከደላንታ፣ በተለይም ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በአብዛኛው ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ነው። በውስጡ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ሲነካው ይስባል፤ ክብደቱ ይጨምራል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ የቀለም ነጸብራቁም ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ቀስ ብሎ ሲደርቅ በአብዛኛው ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ዘይት፣ ቅቤ፣ ሙጫና የጥፍር ቀለም ግን በእነዚያው ቀዳዳዎች ከገቡ እንደ ውሃ ተነው አይወጡም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከተለው ደንብ አንድ ነው፦ ውሃ፣ ሎሚ፣ ቀለምና ጉልበት የሚጠይቁ ሥራዎች በሙሉ ድንጋዩ ከሽቦ ወደሚሠራው ማቀፊያ ከመግባቱ በፊት ይጠናቀቃሉ፤ ከገባ በኋላ የሚነካው ጣት፣ የእንጨት ስንጥርና ደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ በቀለበት ወይም በአምባር አይጀምሩ። እጅ ከምግብ በፊትና በኋላ፣ ለውዱእም በቀን ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዕቃና ከበር ጋርም ይጋጫል። ለዚህ ድንጋይ የሚስማማው ቦታ አንገት ነው።

1. ድንጋዩን መምረጥ

ተሞርዶና ተወልውሎ ያለቀ ድንጋይ ይግዙ። ጥሬውን ገዝቶ በቤት መሞረድ ሌላ ሙያ ነው፤ ደረቅ የድንጋይ አቧራ ሳንባን ስለሚጎዳም ያለ ውሃና ያለ መከላከያ በሳሎን ውስጥ የሚሠራ አይደለም።

ለጀማሪ ምቹ የሆነው መጠን እንቁላል ቅርጽ ያለው፣ 18 በ13 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱም ከ5 ሚሊ ሜትር የማያንስ ድንጋይ ነው። ከዚህ ያነሰ ድንጋይ ለጣት ያስቸግራል። ከመጠኑ ይልቅ ግን ጠርዙን ይመልከቱ። ሽቦው የሚይዘው ወገቡን፣ ማለትም ድንጋዩ በዙሪያው በጣም የሚሰፋበትን መስመር ነው፤ ጠርዙ ስስ ሆኖ የሚያልቅ ድንጋይ ሽቦ ሲጫነው ይሸረፋል። ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ወገብ ያለውን ይምረጡ።

ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ያድርጉ፦

- የስልክዎን መብራት ከድንጋዩ ኋላ አብርተው እያዟዟሩ ይመልከቱ። ከዳር ወደ መሃል የሚሮጥ ቀጭን መስመር ካዩ ስንጥቅ ነው፤ አይግዙት። ስንጥቁ ዛሬ ባይሰፋም ሽቦው ሲጠብቅ ይሰፋል።
- ድንጋዩ ከውሃ ውስጥ ተነሥቶ የሚታይዎ ከሆነ ደረቁን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ውሃ ስንጥቅን ይሸፍናል፤ በውሃ የቆየ ድንጋይም ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል።
- ጥቁር ሆኖ የሚሸጥ ከሆነ በጭስ ወይም በማቅለሚያ የጠቆረ መሆን አለመሆኑን በግልጽ ይጠይቁ። በወሎ ተፈጥሯዊ ጥቁር ኦፓልም ስለሚገኝ ጥቁር መሆኑ ብቻውን የማታለል ምልክት አይደለም፤ የተቀለመው ግን በላብ ቀለሙን ሊለቅ ይችላል።
- ውሃ የሚጠጣ መሆኑን ለማወቅ የድንጋዩን ጀርባ በምላስ ጫፍ መንካት ነጋዴዎችም የሚያደርጉት ፈተና ነው፤ የሚጠጣው ምላስ ላይ ይጣበቃል። ባይጣበቅም እንኳ እንደሚጠጣ ቆጥረው ይያዙት።

2. ድንጋዩን ማሳረፍ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ደረጃ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሽቦው ጥበብ ሁሉ ይበልጣል። ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ እያለ በማቀፊያ ውስጥ ከታሰረ እዚያው ታስሮ ሲደርቅ የተሸሸገው ስንጥቅ ይወጣል፤ ያን ጊዜም የሚጠፋው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን የሠሩት ሥራ በሙሉ ነው።

ድንጋዩን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው በስኒ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ስኒውን በሌላ ጨርቅ በከፊል ይሸፍኑ፤ ከዚያም ፀሐይ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይተዉት። ድንጋዩ ከውሃ የወጣ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ደረቁን የገዙት ከሆነ ጥቂት ቀናት ያሳርፉት። በክረምት የደሴ አየር ቀዝቃዛና ርጥብ ስለሆነ ጊዜውን ያራዝሙ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ቶሎ እንዳይደርቅ ስኒውን ጠበቅ አድርገው ይሸፍኑ። የሚፈለገው መድረቁ ብቻ አይደለም፤ ቀስ ብሎ መድረቁ ነው።

መድረቁን በዓይን ብቻ አይፍረዱ። ትንሽ የግራም ሚዛን ካለዎት በየሁለት ቀኑ ይመዝኑት፤ ከሌለዎት የሚያውቁት ወርቅ ቤት እንዲመዝንልዎ ይጠይቁ። በካራት ከነገሩዎት 5 ካራት 1 ግራም መሆኑን ያስታውሱ። ክብደቱ በሁለት ተከታታይ ልኬት ካልተለወጠ ለሥራ ደርሷል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከከሰል ምድጃ አጠገብ፣ በፍሪጅ ላይ፣ በመስኮት ፀሐይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አያድርቁት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱም በመኪናው የፊት መስታወት ሥር አያስቀምጡት፤ ጨርቅ ውስጥ አድርገው በቦርሳ ይያዙት።

ድንጋዩ ሲያርፍ ነጣ ካለ ወይም ከደበዘዘ አይደንግጡ። ውሃ ከድንጋዩ ሲወጣ በመካከል እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መልኩ እስኪረጋ ይጠብቁ። አዲስ መስመር ካዩበት ግን ወደ ማቀፊያ አያስገቡት፤ ለልምምድ ያቆዩት።

3. ሽቦና መሣሪያ ማዘጋጀት

ሁለት ዓይነት ሽቦ ያስፈልጋል፦ ለማቀፊያው 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ለማሰሪያው 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ መዳብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤት ውስጥ የተረፈውን የመብራት ገመድ ልጦ በመጠቀም ነው። ከ1.5 ካሬ ገመድ የሚወጣው ነጠላ ሽቦ ውፍረቱ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እርሱን ለማጠፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ድንጋዩን ለመስበር ይበቃል።

የተሻለው ምንጭ የተቃጠለ ዲናሞና ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ናቸው። እነርሱ ዘንድ ያለው የመዳብ ሽቦ በልዩ ልዩ ውፍረት ይገኛል፤ ለስላሳ ነው፤ በላዩም ስስ ቫርኒሽ ስላለው ቶሎ አይጠቁርም። ቫርኒሹን በእሳት አቃጥለው ለማስወገድ አይሞክሩ፤ ጭሱ ጎጂ ነው። ለማሰሪያው የስልክ ገመድ ወይም የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎችም ያገለግላሉ፤ የኔትወርክ ገመዱ ሽቦ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው ይመልከቱ፤ ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ከታየ አሉሚኒየም ስለሆነና ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ስለሚሰበር ይተዉት። በብር መሥራት የሚፈልጉ ደግሞ ብር ሠሪው በዚሁ ውፍረት ስቦና አለስልሶ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። የድሮ የማሪያ ቴሬዛ ብር በቤት ውስጥ ለማቅለጥ አይሞክሩ፤ በዝግ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ከሽቦው ሌላ የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ ጫፉ ክብና ቀጭን የሆነ ፒንሳ፤ አፉ ለስላሳና ጥርስ የሌለው ጠፍጣፋ ፒንሳ፤ የሽቦ መቁረጫ፤ ትንሽ ሞረድ ወይም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፤ ናስትሮ፤ ማስመሪያና ማርከር፤ ካርቶን፤ እንደ እርሳስ የተሞረደ የእንጨት ወይም የሸምበቆ ስንጥር። ጥርስ የሌለው ፒንሳ ካጡ ጥርስ ባለው ላይ ናስትሮ ይጠምጥሙበት። የኦፓል ጥንካሬ በአሥሩ የማዕድን መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ የመዳብ 3 ገደማ ስለሆነ ሽቦው ድንጋዩን አይጭረውም፤ የፒንሳው ብረት ግን ይጭረዋል።

ሽቦ ሲቆርጡ የሚቆረጠውን ጫፍ ወደ መሬት ያዙሩ ወይም በጣትዎ ይሸፍኑ። ተፈናጥሮ ዓይን ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ቀልድ አይደለም፤ መነጽር ካለዎት ያድርጉ፤ ሕፃናትንም ከጠረጴዛው ያርቁ።

4. በጠጠር መለማመድ

ከኦፓሉ ጋር ተመሳሳይ መጠን ያለው ለስላሳ የወንዝ ጠጠር ይፈልጉና ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በሙሉ በእርሱ ላይ አንድ ጊዜ ይሥሩ። ጠጠሩ ከማቀፊያው ሳይወጣ ጌጡን ማራገፍ እስኪችሉ ድረስ ኦፓሉን ከጨርቁ አያውጡት።

5. መለካትና መቁረጥ

1. ቀጭን ክር በድንጋዩ ወገብ ዙሪያ አንድ ጊዜ ያዙሩ፤ የተገናኘበትን ምልክት ያድርጉ፤ ክሩን ዘርግተው በማስመሪያ ይለኩ። 18 በ13 ሚሊ ሜትር የሆነ ድንጋይ ዙሪያው 49 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል።
2. በዚያ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ለምሳሌው ድንጋይ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ርዝመት ከ0.8 ሚሊ ሜትሩ ሽቦ ሦስት ይቁረጡ።
3. ከ0.4 ሚሊ ሜትሩ ሽቦ 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አምስትና 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ይቁረጡ።
4. ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች አንድ በአንድ በጨርቅ ይዘው በመሳብ ያቃኑ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይሳቡ፤ መዳብ በተሳበና በታጠፈ ቁጥር እየደነደነ ይሄዳል።
5. ድንጋዩን በካርቶን ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ዙሪያውን ይሳሉ፤ በመስመሩ ላይ ይቁረጡ፤ ከቁራጮቹ ሁለት ሦስቱን ደራርበው በማጣበቅ የካርቶን አምሳያ ይሥሩ። ከዚህ በኋላ ሽቦው የሚታጠፈው በዚህ አምሳያ ላይ እንጂ በድንጋዩ ላይ አይደለም።

የአምሳያውን ትክክለኛነት ድንጋዩን በላዩ አስቀምጠው ከላይ በማየት ያረጋግጡ። ካርቶኑ ከድንጋዩ ዳር ትንሽ ብቅ ካለ ይስማማል፤ ድንጋዩ ካርቶኑን አልፎ ከወጣ ግን እንደገና ይቁረጡ፤ ጠባብ ማቀፊያ ከሰፊው የከፋ ነውና።

6. ሦስቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ማሰር

ሦስቱን ሽቦዎች ጎን ለጎን በጠረጴዛ ላይ ያስተኙ፤ ሁለቱን ጫፍ በናስትሮ ያያይዙ። መሃሉን በማርከር ምልክት ያድርጉ፤ ከመሃሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በ9 እና በ18 ሚሊ ሜትር ላይ ሌሎች አራት ምልክቶች ያድርጉ። አምስቱ ምልክቶች ማሰሪያ የሚጠመጠምባቸው ቦታዎች ናቸው፤ በመካከላቸው የሚቀሩት አራት ክፍት ቦታዎች ደግሞ በኋላ ድንጋዩን የሚይዙት ጥፍሮች የሚወጡባቸው ናቸው።

ከመሃሉ ይጀምሩ። ቀጭኑን ሽቦ በሦስቱ ላይ አምስት ወይም ስድስት ዙር፣ ዙሩ ሳይደራረብ ጎን ለጎን እንዲሆን እየጎተቱ ይጠምጥሙ። መነሻውና መድረሻው በአንድ ፊት ላይ እንዲያልቁ ያድርጉ፤ ይህ ፊት ወደ ድንጋዩ የሚዞረው የውስጥ ፊት ይሆናል። ጫፎቹን አስጠግተው ይቁረጡ፤ በጠፍጣፋው ፒንሳ ይጫኗቸው፤ ጣትዎን ሲያሳልፉበት የሚይዝ ነገር ካለ በሞረድ ያስተካክሉ። ወደ ውስጥ ያፈጠጠ ጫፍ ድንጋዩን ባይጭረውም በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚጫነው ይሸርፈዋል።

ሦስቱ ሽቦዎች ሲጠመጠሙ ተዛንፈው እንደ ገመድ ከተሰባሰቡ ማሰሪያውን ፈትተው እንደገና ይጀምሩ፤ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተካከል አይሳካም። ለሁለተኛው ሙከራ አዲስ ቀጭን ሽቦ ይጠቀሙ፤ የተፈታው ደንድኖ ስለሚሆን ይሰበራል።

7. ማቀፊያውን፣ አንገቱንና ማንጠልጠያውን ማበጀት

1. የታሰሩትን ሽቦዎች የመሃል ምልክት በካርቶኑ አምሳያ ታችኛ ጫፍ ላይ ያሳርፉ፤ የውስጥ ፊታቸው ወደ ካርቶኑ ይዙር።
2. በሁለት አውራ ጣቶችዎ ከታች ወደ ላይ እየገፉ በዙሪያው ያጥፉ። ፒንሳ አይጠቀሙ፤ ጣት የሚሰጠው ኩርባ የተሻለ ነው።
3. ሁለቱ ክንዶች ከላይ ሲገናኙ በጠፍጣፋው ፒንሳ እያንዳንዱን ወደ ላይ በማጠፍ ጎን ለጎን እንዲቆሙ ያድርጉ። አሁን ስድስት ሽቦዎች ወደ ላይ ቆመዋል።
4. በ15 ሴንቲ ሜትሩ ቀጭን ሽቦ አንገቱን፣ ማለትም ስድስቱ ሽቦዎች ከማቀፊያው በላይ የተገናኙበትን ቦታ፣ ሁለት ዙር ብቻ ላላ አድርገው ያስሩ።
5. ካርቶኑን ያውጡ። በአራቱ ክፍት ቦታዎች ላይ የኋላውን ሽቦ በፒንሳው ጫፍ ወደ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይሳቡ፤ ይህ ድንጋዩ የሚቀመጥበት መደብ ነው።
6. በዚያው በአራቱ ቦታዎች የፊቱን ሽቦ በስንጥር ወደ ውጭ ትንሽ ጎበጥ ያድርጉት። ይህ ጉብታ በኋላ ጥፍር ሲሆን የሚያስፈልገው ትርፍ ነው፤ አንገቱ ከጠበቀ በኋላ ትርፍ ማግኘት አይቻልም። የሽቦው ጥፍር አጥሮ ድንጋዩን ሳይይዝ የሚቀርባቸው ሰዎች ይህንን የዘለሉ ናቸው።
7. ደረቁን ድንጋይ ቀስ ብለው ከፊት በኩል አስገብተው ይሞክሩት። ሳይገፋ መግባት አለበት፤ ገብቶም ከአንድ ወረቀት ውፍረት በላይ መወዛወዝ የለበትም። ከጠበበ የአንገቱን ማሰሪያ ያላሉ፤ ከሰፋ ሁለቱን ክንዶች ወደ ላይ ሳብ ያደርጋሉ። ከዚያ ድንጋዩን አውጥተው ወደ ጨርቁ ይመልሱ።
8. አንገቱን አምስት ዙር እስኪሞላ አጥብቀው ያስሩና ጫፉን ከኋላ ቆርጠው ይጫኑ።
9. ከስድስቱ ሽቦዎች የመሃሎቹን ሁለት አንድ ላይ ይዘው ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ሚስማር ወይም እስክርቢቶ መሙያ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ያጥፉ፤ ጫፎቻቸውን በአንገቱ ላይ ሁለት ዙር ይጠምጥሙ፤ የተረፈውን ይቁረጡ። ማንጠልጠያው ይህ ነው።
10. የኋላዎቹን ሁለት ሽቦዎች በ1 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በክቡ ፒንሳ ወደ አንገቱ ይጠቅልሉ። የፊቶቹን ሁለት ደግሞ እንደ ምርጫዎ በግራና በቀኝ ወደሚጠቀለል ጥምዝ ይለውጡ፤ ጥምዙ ድንጋዩ በሚገባበት መንገድ ላይ እንዳይዘረጋ ብቻ ይጠንቀቁ።

ከስድስቱ አንዱ በአንገቱ አጠገብ ቢሰበርስ? ከኋላዎቹ ወይም ከፊቶቹ አንዱ ከሆነ ቁራጩን በማሰሪያው ሥር ደብቀው ይቀጥሉ፤ ጌጡ ይይዛል። ከመሃሎቹ አንዱ ከተሰበረ ግን ሙሉው ክብደት በአንድ ሽቦ ላይ ስለሚወድቅ ማቀፊያውን ከመጀመሪያው ይሥሩ። ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ድንጋዩ ከመንገድ ላይ ወድቆ ከሚጠፋ ግን የሁለት ሰዓት ሥራ መድገም ይቀላል።

8. መዳቡን ማጽዳትና መሸፈን

ድንጋዩ በሌላ ክፍል ይሁን። ቫርኒሽ ያለውን የሞተር ሽቦ ከተጠቀሙ በደረቅ ጨርቅ ከመወልወል በቀር የሚያስፈልገው የለም። ባዶ መዳብ ከሆነ ግን በግማሽ ሎሚና በቁንጥር ጨው እስኪያበራ ያሹት፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ያለቅልቁት፤ በሳሙና ይጠቡት፤ እንደገና ያለቅልቁት። በሽቦዎቹ መካከል የሚቀር ሎሚ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል።

በፎጣ ካደረቁት በኋላ ሌሊቱን ይደር። በማሰሪያዎቹ ሥር የተደበቀ ውሃ በቀጥታ ወደ ኦፓሉ ይገባል።

በማግስቱ ከቆዳ ጋር የሚገናኘውን የኋላ ክፍልና የተቆረጡትን ጫፎች ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ስስ አድርገው ይቀቡ። መዳብ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል፤ በሳሙና የሚለቅ እንጂ የሚጎዳ አይደለም፤ ነገር ግን ነጭ ነጠላና ነጭ ቀሚስ ላይ ሲያርፍ ያሳዝናል። ቀለሙ በኮምቦልቻ አንድ ሙሉ ቀን፣ በደሴ ሁለት ቀን ይድረቅ። ሽታው ጨርሶ ካልጠፋ አልደረቀምና ድንጋዩን አያስገቡ።

9. ድንጋዩን ማስገባት

ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ ያንጥፉ፤ ድንጋዩ ቢያመልጥዎት የሚወድቀው በፎጣው ላይ ይሁን። እጅዎን ታጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ፤ ቅባት ወይም ሎሽን በእጅዎ ላይ አይኑር። በድንጋዩ ላይ ያለውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ እንጂ በጨርቅ አይፈትጉት፤ በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ከኦፓል ይጠነክራልና ይጭረዋል።

ድንጋዩን ከፊት አስገብተው በመደቡ ላይ ያሳርፉት። በጀርባው በአውራ ጣትዎ ደግፈው ማቀፊያውን በግራ እጅ ይያዙ። አሁን ከታች በግራ ያለውን የፊት ሽቦ ጉብታ በእንጨት ስንጥሩ ወደ ድንጋዩ ፊት ይግፉት፤ ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት ያቁሙ። ቀጥሎ ከላይ በቀኝ ያለውን እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ከታች በቀኝ፣ በመጨረሻም ከላይ በግራ። በመጀመሪያ በአንድ በኩል ያሉትን ሁለቱን ብቻ አከታትሎ መጫን ድንጋዩን ወደ ሌላው ወገን ያጋድለዋል፤ ያጋደለ ድንጋይ ደግሞ በሌላው ጥፍር ሲጫን ጠርዙ ይሸረፋል።

አራቱም ከቀረቡ በኋላ በዚያው ቅደም ተከተል ሁለተኛ ዙር ይጀምሩና እያንዳንዱን ጥፍር ድንጋዩን እስኪነካ ብቻ ይግፉት። ሁለት ቀላል ዙር ከአንድ ጠንካራ ዙር ይሻላል። ጥፍሩ አልታዘዝ ካለ ጉልበት አይጨምሩ፤ በአብዛኛው ምክንያቱ ጉብታው ማነሱ ነው። ድንጋዩን ያውጡ፤ አንገቱን ትንሽ ያላሉ፤ ጉብታውን ጨምረው ይመለሱ።

ካለቀ በኋላ ጌጡን ወደ ጆሮዎ አስጠግተው በቀስታ ያወዛውዙት። የሚንኳኳ ድምፅ ከሰሙ ድምፁ የመጣበትን ጥፍር ፈልገው በስንጥር ይጫኑ። ከዚያም ጌጡን ፊቱን ወደ ፎጣው ገልብጠው ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ ያድርጉት።

ሙጫ አይጨምሩ። ሱፐር ግሉ በድንጋዩ ቀዳዳ ገብቶ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል፤ ድንጋዩን የሚይዘው ሽቦው እንጂ ሙጫው ከሆነ ማቀፊያው አልተሠራም ማለት ነው።

10. ክሩን መቋጠር

የመዳብ ሰንሰለት አንገትን ስለሚያቀልም የጥጥ ገመድ ወይም ቀጭን የቆዳ ጠፍር ይሻላል። 80 ሴንቲ ሜትር ገመድ ቆርጠው በማንጠልጠያው ያሳልፉ። ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ጎን ለጎን ያስተኙ። የቀኙን ጫፍ በግራው ገመድ ላይ ሦስት ዙር ይጠምጥሙና በራሱ ዙሮች ውስጥ አሳልፈው ይሳቡ፤ የግራውንም በቀኙ ላይ እንዲሁ ያድርጉ። ሁለቱ ቋጠሮዎች ሲራራቁ ክሩ ያጥራል፣ ሲቀራረቡ ይረዝማል፤ መቆለፊያ መግዛት አያስፈልግም። ቋጠሮው የሚንሸራተት ከሆነ በሦስት ዙር ፋንታ አራት ያድርጉ። የናይለን ገመድ ከሆነ ጫፉን በክብሪት ሲያቀልጡ ጌጡን ከክሩ አውጥተው ያርቁት፤ ኦፓል ድንገተኛ ሙቀት አይችልም።

ከተሠራ በኋላ ሲበላሽ

*ዝናብ መታው ወይም ጠበል ነካው፣ ድንጋዩም እንደ መስታወት ሆነ።* በደረቅ ጨርቅ ጠጋ ጠጋ ያድርጉት፤ በጥላ ይተዉት፤ ቀለሙ እስኪመለስ ለቀናት አያድርጉት። ወደ እሳት አያስጠጉት።

*ፀጉር የተቀባ ቅቤ ወይም ሽቶ ነካው።* ወዲያው በደረቅ ጥጥ ይጥረጉት። ገብቶ ቢጫ ካደረገው የሚመልሰው የቤት ውስጥ ዘዴ የለም፤ ስለዚህ ቅቤ በሚቀቡበት ቀን ጌጡን ያውልቁ፤ ሽቶም መጀመሪያ ይቀቡና ከደረቀ በኋላ ጌጡን ያድርጉ።

*መዳቡ ጠቆረ።* ድንጋዩ በውስጡ እያለ ሎሚም ኮምጣጤም አይንካው፤ ሽቦውን ብቻ በደረቅ ሻካራ ጨርቅ ያሹት። በወርቅ ቤት ያለው በውሃ የሚያጸዳ ማሽን ውስጥም እንዲገባ አይፍቀዱ።

*ድንጋዩ ተሰነጠቀ።* አራቱን ጥፍሮች በእንጨት ስንጥር ከውስጥ ወደ ውጭ ይክፈቱና ድንጋዩን ያውጡ። ማቀፊያው ለሌላ ድንጋይ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥፍሮቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፈቱ በደነደነው መዳብ ላይ ይሰበራሉ። አዲሱ ድንጋይ በወገቡ ዙሪያ ከቀድሞው ጋር እኩል መሆኑን በክር ለክተው፣ እርሱንም በሁለተኛው ደረጃ እንደተባለው አሳርፈው ያስገቡት።